ትሪኮሞኒያሲስ፦ መድኃኒቱ በየፋርማሲው እያለ በሽታው ለምን ይመላለሳል?

እ.ኤ.አ. በ2020 ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት በሆኑ ሰዎች ላይ 156 ሚሊዮን ገደማ አዲስ የትሪኮሞኒያሲስ ኢንፌክሽን እንደደረሰ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። በዚያው ዓመት የክላሚዲያ ግምት 129 ሚሊዮን፣ የጨብጥ 82 ሚሊዮን፣ የቂጥኝ ደግሞ 7.1 ሚሊዮን ነበር። በመድኃኒት ከሚድኑት አራት ዋና ዋና የአባላዘር በሽታዎች መካከል በብዛቱ ቀዳሚው ይህ ነው ማለት ነው፤ ከአዳዲሶቹ ኢንፌክሽኖች ውስጥም ሲሶ ያህሉ በአፍሪካ የሚደርሱ ናቸው።

ይሁንና ስለ አባላዘር በሽታ ሲወራ ስማቸው የሚነሳው ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝና ጨብጥ ናቸው። ብዙ ሰው ትሪኮሞኒያሲስ የሚለውን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው በላብራቶሪ ውጤት ወረቀት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በማኅበራዊ መገናኛ የጤና ገጾችም ሆነ በፋርማሲ መስኮት የሚነሱት ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። ጥገኛ ተህዋሲ ከሆነ እንደ አሜባ ከውሃና ከምግብ የመጣ አይደለም ወይ? ባለቤቴ ምንም አልተሰማውም፤ ታዲያ እኔ ከየት አመጣሁት? ፍላጅል ወስጄ ነበር፤ ለምን ተመለሰብኝ? ሦስቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ቢመስሉም መልሳቸው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል፤ ተህዋሲው የሚመላለሰው በሁለት ሰዎች መካከል ሆኖ ሳለ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ለአንዳቸው ብቻ ነው።

ተህዋሲው ምንድን ነው? እንዴትስ ይተላለፋል?

መንስኤው ትሪኮሞናስ ቫጂናሊስ የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ተህዋሲ ነው። ጨብጥንና ቂጥኝን ከሚያስከትሉት ባክቴሪያዎችም ሆነ ከኤች አይ ቪ ቫይረስ በተፈጥሮው የተለየ ሲሆን፣ የሚቀርበው ጃርዲያን ለመሰሉ ፕሮቶዞዋዎች ነው። ፕሮቶዞዋ የሚባሉት ከባክቴሪያ የተለቁና ውስጣዊ አሠራራቸው ይበልጥ የተወሳሰበ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ናቸው። ትሪኮሞናስን እ.ኤ.አ. በ1836 ፓሪስ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ያገኘው አልፍሬድ ዶኔ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ነበር። ሆኖም ተህዋሲው ለረጅም ጊዜ ጉዳት የሌለው ነዋሪ ተደርጎ በመቆጠሩ እንደ በሽታ መንስኤ ትኩረት ያገኘው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው።

አሜባና ጃርዲያ ከሰው አካል ሲወጡ ሲስት የሚባል ጠንካራ ሽፋን ስለሚለብሱ በውሃና በአትክልት ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆይተው ወደ ሌላ ሰው ሆድ መግባት ይችላሉ። ትሪኮሞናስ ግን እንዲህ ያለ ሽፋን የለውም። በእርጥብ ጨርቅ ላይ ለጥቂት ሰዓታት ሊቆይ ቢችልም ሲደርቅ ይሞታል፤ ሆድ ውስጥም ገብቶ አይራባም። ስለዚህ ከምግብና ከመጠጥ ውሃ አይመጣም፤ ከመጸዳጃ ቤት መቀመጫ ወይም ከመዋኛ ገንዳ መጣ የሚለውም ማብራሪያ በተግባር ቦታ የለውም። የሚተላለፈው በብልት ንክኪ ሲሆን፣ ኮንዶምን በአግባቡና ሁልጊዜ መጠቀም የመተላለፍ ዕድሉን በእጅጉ ይቀንሳል።

በሴቶች ላይ መኖሪያው ብልት፣ የሽንት ቧንቧና በአካባቢው ያሉ ዕጢዎች ናቸው፤ በወንዶች ላይ ደግሞ የሽንት ቧንቧና አንዳንዴም የፕሮስቴት ዕጢ ነው። ጤነኛ የሴት ብልት ላክቶባሲለስ በሚባሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አማካይነት አሲዳማ ሆኖ ይቆያል፤ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ4.5 በታች ነው። ትሪኮሞናስ የሚመቸው ይህ አሲድነት ሲቀንስ ሲሆን፣ ከሕዋሳት ጋር ተጣብቆ ይጎዳቸዋል፣ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎችም ይበላል። ለመራባት ብረት ስለሚያስፈልገውና የወር አበባ ደም በብረት የበለጸገ በመሆኑ፣ ሕመሙ በወር አበባ ሰሞን ሲብስ ይታያል።

የብልት ውስጠኛ ክፍልን በሳሙና፣ በሎሚ ወይም በፀረ ጀርም ፈሳሽ ማጠብ ጉዳቱ የሚያመዝነውም ከዚህ የተነሳ ነው። እጥበቱ መከላከያ የሆኑትን ባክቴሪያዎች ጠርጎ ያወጣል፤ ከሕዋስ ጋር የተጣበቀውንና በሽንት ቧንቧና በዕጢዎች ውስጥ ያለውን ተህዋሲ ግን አይነካውም። ጭስ መሞቅም ተህዋሲው ወዳለበት አይደርስም።

ምልክት ያለውና ምልክት የሌለው

ሲዲሲ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የአሜሪካ የበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው፣ ከተያዙት ሰዎች ከ70 እስከ 85 በመቶ የሚሆኑት ምንም ምልክት የላቸውም ወይም ያላቸው እጅግ አነስተኛ ነው። ምልክት ሲኖር ብዙውን ጊዜ ከተያዙ በኋላ ከ5 እስከ 28 ባሉት ቀናት ውስጥ ይጀምራል፤ ሴቶች ላይ ቢጫ ወይም አረንጓዴ የሚመስል፣ አንዳንዴ አረፋ ያለውና መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ፣ ማሳከክ፣ ሲሸኑ ማቃጠልና በግንኙነት ጊዜ ሕመም ይታያል። ወንዶች ላይ ጥቂት ፈሳሽ ወይም ሲሸኑ የማቃጠል ስሜት ሊኖር ይችላል፤ አብዛኞቹ ግን ምንም አይሰማቸውም።

ፈሳሹን በቀለሙና በጠረኑ ለይቶ ማወቅ ይቻላል የሚለው የተለመደ እምነት አያዛልቅም። የብልት ባክቴሪያዎች ሚዛን ሲዛባ የሚከሰተው ባክቴሪያል ቫጂኖሲስም ጠረን ያመጣል፤ ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስም ያሳክካል። ሦስቱ አንዲት ሴት ላይ ተደርበው የሚገኙበትም ጊዜ አለ። ሕክምናቸው ግን አንድ አይደለም፤ ለፈንገስ የሚሰጠው ክሎትሪማዞል ትሪኮሞናስን አያጠፋም።

ዕድሜን በተመለከተም ትኩረት የሚሻ ነገር አለ። ክላሚዲያ በአብዛኛው የወጣቶች በሽታ ሲሆን፣ ትሪኮሞኒያሲስ ግን ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት በላይ በሆኑ ሴቶችም ላይ በብዛት ይገኛል። የአባላዘር በሽታ ትምህርትን ለተማሪና ለወጣት ብቻ መስጠት ይህን የዕድሜ ክልል ያገልላል።

ከሁሉም በላይ ቤት የሚያፈርሰው ጥያቄ «ማን አመጣው?» የሚለው ነው። ኢንፌክሽኑ ካልታከመ ለወራት፣ እንዲያም ሲል ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ የተገኘ ውጤት ተህዋሲው መቼ እንደገባ አይናገርም፤ አሁን ካለው ግንኙነት በፊት የመጣ ሊሆን ይችላል፣ በቅርቡም የመጣ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ቀድሞ የታየበት ሰው ቀድሞ የተያዘው ነው ማለትም አይደለም። ብዙውን ጊዜ ምልክት የሚታየው በሴቷ ላይ፣ የሚመረመረውም የእርሷ አካል ስለሆነ ብቻ ጥፋቱ በእርሷ ላይ ሲወድቅ ይታያል። ለዚህ ፍርድ የሚሆን ማስረጃ በላብራቶሪ ወረቀቱ ላይ የለም፤ ውጤቱን የሚነግረው ባለሙያም ይህን ሳይጠየቅ አብሮ ቢናገር ብዙ ጉዳት ይከላከላል።

ምርመራው ለምን ያመልጠዋል?

በአብዛኞቹ የአገራችን ጤና ተቋማት ያለው ምርመራ በማይክሮስኮፕ የሚደረገው ነው። ባለሙያው ከብልት የተወሰደውን ፈሳሽ በብርጭቆ ስላይድ ላይ ከጥቂት የጨው ውሃ ጋር ቀላቅሎ ይመለከታል። ተህዋሲው ሕያው ከሆነ ጅራፍ የሚመስሉ ቀጫጭን ጭራዎቹን እያወናጨፈ፣ እየተንቀጠቀጠና አቅጣጫውን እየቀያየረ ሲሄድ ስለሚታይ አያሳስትም። ሲበርድና መንቀሳቀሱን ሲያቆም ግን በመጠኑም በቅርጹም ከነጭ የደም ሕዋስ ጋር ስለሚመሳሰል መለየቱ አስቸጋሪ ይሆናል። ናሙናው በተወሰደ በደቂቃዎች ውስጥ መታየት ያለበት ለዚህ ነው። ናሙናው ወረፋ ሲጠብቅ የሚያልፈው እያንዳንዱ ደቂቃ ምርመራውን ያዳክመዋል።

በፍጥነት ቢታይም እንኳ ይህ ዘዴ ከተያዙት ሴቶች የሚያገኘው ከ44 እስከ 68 በመቶ የሚሆኑትን ብቻ ነው። በወንዶች ላይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። የተህዋሲውን ዘረመል አብዝቶ የሚፈልገው የሞለኪውል ምርመራ ግን ከ95 በመቶ በላይ ይደርሳል፤ ለወንዶችም በሽንት ሊሠራ ይችላል። በ15 ደቂቃ ገደማ ውጤት የሚሰጡ ፈጣን መመርመሪያዎችም ተሠርተዋል፤ ነገር ግን ዋጋቸውና አቅርቦታቸው በየጤና ጣቢያው እንዲገኙ አላስቻለም። በመሆኑም በማይክሮስኮፕ «አልተገኘም» የሚል ውጤት «የለም» ከሚለው ጋር እኩል አይደለም።

ላብራቶሪ በማይዳረስባቸው አገሮች፣ በኢትዮጵያም ጭምር፣ ይህን ክፍተት ለመሙላት የተመረጠው ሲንድሮሚክ የሚባለው አካሄድ ነው። ይህም ታካሚው በሚናገረውና በሚታየው የምልክቶች ስብስብ ላይ ተመሥርቶ፣ ምልክቱን ሊያመጡ የሚችሉትን ዋና ዋና መንስኤዎች ባንድ ጊዜ ማከም ማለት ነው። የብልት ፈሳሽ ይዛ የመጣች ሴት ሜትሮኒዳዞል የሚታዘዝላት በዚህ አሠራር ነው።

አካሄዱን የሚደግፉ ባለሙያዎች ታካሚዋ በዚያው ቀን መድኃኒቷን ይዛ እንደምትሄድና የላብራቶሪ ውጤት ጥበቃ ተመላልሳ እንደማትቀር ያስረዳሉ፤ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። የሚተቹት ደግሞ መድኃኒት ያለአግባብ እንደሚሰጥ፣ ምልክት የሌላቸው ብዙኃን ፈጽሞ እንደማይነኩና ትክክለኛ ስሙ ያልታወቀ በሽታ ይዛ ለሄደች ሴት ባለቤቷን አሳምና ማምጣት እንደሚከብዳት ይናገራሉ። ሁለቱም ወገኖች ያዩትን ነው የሚናገሩት፤ በዚህ ጸሐፊ እይታ ግን ሦስተኛው ነቀፌታ ከሚሰጠው ትኩረት በላይ ይገባዋል። በተጨማሪም ፈሳሽ ይዞ የመጣ ወንድ በመጀመሪያ የሚታከመው ለጨብጥና ለክላሚዲያ ሲሆን፣ ለእነርሱ የሚሰጡት ሴፍትሪያክሶንና አዚትሮማይሲን ትሪኮሞናስን አይገድሉም። ሜትሮኒዳዞል የሚታሰብለት ምልክቱ አልለቅ ሲል ነው።

ፍላጅል፦ የታወቀ መድኃኒት፣ ያልታወቀ መጠን

ሜትሮኒዳዞል፣ በሰፊው በሚጠራበት የንግድ ስሙ ፍላጅል፣ ለአሜባና ለጃርዲያ የማይወሰድበት ቤት የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1960 አካባቢ ከፈረንሳይ ወደ ገበያ ሲወጣ መነሻው ይኸው ትሪኮሞናስ ነበር። መድኃኒቱ ወደ ተህዋሲው ሲገባ ገና ጉዳት አልባ ነው፤ ኦክስጅን ሳይጠቀም ኃይል የሚያመነጨው የተህዋሲው ውስጣዊ ክፍል ግን ወደ መርዛማ ቅንጣት ይቀይረውና ዘረመሉን ይሰባብርበታል። የሰው ሕዋሳት በኦክስጅን የሚሠሩ በመሆናቸው ይህ ለውጥ በእነርሱ ውስጥ በዚያ መጠን አይካሄድም።

ለብዙ ዓመታት የተለመደው ሕክምና 2 ግራም ባንድ ጊዜ መዋጥ ነበር። በሐኪሞች ዘንድ የተወደደውም ባለሙያው ፊት ተውጦ ስለሚያልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ግን ሴቶችን በሁለት ምድብ ከፍሎ ሲያነጻጽር፣ ባንድ ጊዜ ከወሰዱት 19 በመቶ፣ ለ7 ቀን ከወሰዱት ደግሞ 11 በመቶ የሚሆኑት ከአንድ ወር በኋላ ተህዋሲው እንደገና ተገኝቶባቸዋል። በዚህ ምክንያት ሲዲሲ እ.ኤ.አ. በ2021 መመሪያውን አሻሽሎ ለሴቶች 500 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ7 ቀን እንዲሆን፣ ለወንዶች ግን የ2 ግራሙ አንድ ጊዜ እንዲቀጥል አድርጓል። የ7 ቀኑን ሕክምና የሚጠራጠሩ ወገኖች ምልክቱ በሦስተኛው ቀን ሲጠፋ ብዙ ሰው መድኃኒቱን እንደሚያቋርጥ ያነሳሉ፤ ስጋቱ ተገቢ ቢሆንም መፍትሔው በአወሳሰዱ ላይ በቂ ማብራሪያ መስጠት እንጂ ወደሚያንሰው መመለስ አይመስልም።

በአገራችን ፋርማሲዎች በብዛት የሚገኘው ባለ 250 ሚሊግራም ካፕሱል ነው። ስሌቱ እንግዲህ ጠዋት 2፣ ማታ 2፣ በ7 ቀን 28 ካፕሱል ይሆናል። ያለ ማዘዣ አንድ ቅጠል ካፕሱል ገዝቶ ምልክቱ ጋብ እስኪል የወሰደ ሰው ሕክምናውን ጀመረ እንጂ አልጨረሰም፤ «ፍላጅል ወስጄ ነበር» ከሚለው ቅሬታ ጀርባም ብዙውን ጊዜ ይህ ይገኛል። በብልት የሚደረገው የሜትሮኒዳዞል ጄል ብቻውን አይበቃም፤ በሽንት ቧንቧና በዕጢዎች ውስጥ ያለውን ተህዋሲ ለመግደል የሚበቃ መጠን አያደርስምና። ቲኒዳዞል 2 ግራም ባንድ ጊዜ እንደ አማራጭ ያገለግላል፤ ሴክኒዳዞል የተባለው ሌላው የዚህ ቤተሰብ መድኃኒትም እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ለዚሁ በሽታ ተፈቅዷል።

ማቅለሽለሽና አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም መሰማት የተለመዱ የጎንዮሽ ጉዳቶች ሲሆኑ፣ የሽንት መጥቆርም ሊታይ ይችላል። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ግን የመድማት አደጋ ስለሚጨምርበት አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር አለበት። አልኮልን በተመለከተ ሁለት አቋም አለ። የመድኃኒቱ ማሸጊያ መግለጫና ብዙ ባለሙያዎች ከአልኮል ጋር መውሰድ ኃይለኛ ትውከትና የልብ ምት መፍጠን ያመጣል ብለው ይከለክላሉ፤ ሲዲሲ በ2021 መመሪያው ደግሞ ማስረጃው ደካማ በመሆኑ መታቀብ የግድ አይደለም ብሏል። በዚህ ላይ የሚደረገው ክርክር አንድ ቁምነገር ሊያስረሳን አይገባም፤ ሰርግ ወይም በዓል ደረሰብኝ ብሎ ከመጠጡ ይልቅ መድኃኒቱን መዝለል ለተህዋሲው እንጂ ለታካሚው አይጠቅምም።

መድኃኒቱን የተላመደ ትሪኮሞናስም አለ። በአሜሪካ ከ4 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው የሴቶች ትሪኮሞኒያሲስ ለሜትሮኒዳዞል የመቋቋም ምልክት አሳይቷል፤ ለቲኒዳዞል 1 በመቶ ያህል ነው። መድኃኒቱን በትክክል ጨርሳ፣ አጋሯም ታክሞ፣ አሁንም ያልዳነች ሴት ስትገኝ በሐኪም ክትትል ከፍ ያለ መጠን ይሰጣታል። ይሁንና በሽታው ሲመለስ በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የመድኃኒት መላመድ ሳይሆን ከአጋር ዳግም መያዝ ነው።

እርግዝናና ኤች አይ ቪ

ትሪኮሞኒያሲስ በነፍሰ ጡሮች ላይ ከእንሽርት ውሃ ቀድሞ መፍሰስ፣ ያለ ጊዜ ከመውለድና ክብደቱ ከሚጠበቀው ያነሰ ልጅ ከመውለድ ጋር ተያይዞ ይገኛል። ከዚህ በመነሳት ሁሉንም ነፍሰ ጡር መርምሮ ማከም ችግሩን ይቀንሳል ተብሎ ቢጠበቅም፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ያልተጠበቀ ውጤት አሳይቷል፤ ምልክት ሳይኖራቸው ሜትሮኒዳዞል ከተሰጣቸው 19 በመቶ የሚሆኑት፣ ካልተሰጣቸው ደግሞ 10.7 በመቶ የሚሆኑት ያለ ጊዜያቸው ወልደዋል። በዚያ ጥናት የተሰጠው መጠን ከተለመደው የበዛ ስለነበር ውጤቱን እንዴት መተርጎም እንደሚገባ ባለሙያዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ምልክት ያላት ነፍሰ ጡር መታከም እንዳለባት ግን ስምምነት አለ፤ ለእርሷም የሚመረጠው ሜትሮኒዳዞል እንጂ ቲኒዳዞል አይደለም።

የኤች አይ ቪው ጉዳይ ይበልጥ ግልጽ ነው። ትሪኮሞናስ የብልትን ሽፋን ስለሚያቆስልና ቫይረሱ የሚያጠቃቸውን የመከላከያ ሕዋሳት ወደ ቦታው ስለሚስብ፣ ተህዋሲው ያለባት ሴት በኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድሏ በ1.5 እጥፍ ያህል ይጨምራል። ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሴቶች ሲታከሙ ደግሞ በብልት ፈሳሽ የሚወጣው የቫይረስ መጠን ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ሲዲሲ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ሴቶች ምልክት ባይኖራቸውም በዓመት አንድ ጊዜ እንዲመረመሩ ይመክራል።

አጋርን ማከም

የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 ግምት ከአዲሶቹ ኢንፌክሽኖች 82.6 ሚሊዮኑ በወንዶች፣ 73.7 ሚሊዮኑ በሴቶች ላይ እንደደረሱ ያሳያል። በሽታውን የሴት ብቻ አድርጎ የሚያየው የተለመደ አነጋገር ከዚህ ቁጥር ጋር አይስማማም። ብዙ ወንዶች ተህዋሲው ከሴቶች ባጠረ ጊዜ ውስጥ ራሱ ስለሚጠፋላቸው በምርመራ ጊዜ ጥቂት ሆነው ይታያሉ፤ እስኪጠፋ ድረስ ግን ያስተላልፋሉ።

ስለዚህ ምልክት የሌለበት ባል ወይም የፍቅር ጓደኛ በአንድ ሰሞን አብሮ መታከም አለበት፤ ሁለቱም መድኃኒታቸውን ጨርሰው ምልክቱ እስኪጠፋ ድረስም ከግንኙነት መታቀብ ይገባቸዋል። የሚያከራክረው እንዴት ይድረስለት የሚለው ነው። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ሐኪሙ አጋሩን ሳያይ መድኃኒቱን በታካሚዋ እጅ መላክ በሕግ ተፈቅዷል። ይህን የሚቃወሙ ወገኖች አጋሩ ሳይመረመር ኤች አይ ቪና ቂጥኝ ሊታለፉ እንደሚችሉ፣ አለርጂ እንዳለበት የሚጠይቀው እንደማይኖርና መልእክተኛ የሆነችው ሴት ለጥቃት ልትጋለጥ እንደምትችል ያስረዳሉ። ሦስቱም ከባድ ምክንያቶች ናቸው፤ ከሁሉ የሚሻለው አጋሩ በአካል መጥቶ ሲመረመር እንደሆነም አያጠያይቅም። ፈጽሞ እንደማይመጣ በታወቀ ጊዜ ግን፣ ሴቷ ደኅንነቷ እንደማያሰጋት ራሷ ካረጋገጠች፣ ከጽሑፍ ማብራሪያ ጋር የተላከ መድኃኒት ተህዋሲው ተመልሶ እንዲመጣ ከመተው ይሻላል።

አጋር ታክሟል በተባለበትም ሁኔታ ሲዲሲ የታከመች ሴት ሁሉ በ3 ወር ውስጥ ዳግም እንድትመረመር ይመክራል፤ በአንድ ጥናት ከታከሙት ሴቶች 17 በመቶ የሚሆኑት በዚያ ጊዜ ውስጥ እንደገና ተይዘው ተገኝተዋልና። የሞለኪውል ምርመራ የሚደረግላት ከሆነ ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በፊት ምርመራው የሞተውን ተህዋሲ ቅሪት አግኝቶ የዳነችውን ሴት ታማለች ሊል ይችላል።